እድር በቴሌግራም፦ የይፋት ቆላ ባልደረቦች ልማድ

ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ በምትገኘው ሸዋ ሮቢትና በዙሪያዋ ባለው የይፋት ቆላ፣ የግብርና ልማት ሠራተኞች፣ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎችና መምህራን ሽንኩርትና ማሾ በሚመረትባቸው ቀበሌዎች ተበታትነው ስለሚሠሩ፣ ባልደረቦች በአንድ የሻይ ሰዓት የሚገናኙበት ዕድል ጠባብ ነው። ይህን ክፍተት የሚሞላው የቴሌግራም ቡድን፣ ማለትም የአንድ መሥሪያ ቤት ሠራተኞች በእጅ ስልካቸው ጽሑፍ፣ ፎቶና ድምፅ የሚለዋወጡበት የጋራ መድረክ፣ ሊደነቅ የሚገባው የስብሰባ ጥሪ ስለሚያደርስ ሳይሆን የእድርን፣ ማለትም በሐዘን ጊዜ በመዋጮና በጉልበት የመረዳዳትን ሥርዓት ስለሚያስቀጥል ነው።

ከባልደረቦች አንዱ ሐዘን ሲደርስበት አስተባባሪው መርዶውንና የመዋጮውን መጠን ይለጥፋል፤ የከፈለ ሰው ዝርዝሩን ቀድቶ፣ ከመጨረሻው ተራ ቁጥር ቀጥሎ ስሙን አክሎ መልሶ ይልካል፤ ገንዘቡም በባንክ ወይም በ2013 ዓ.ም. ሥራ በጀመረው የሞባይል ገንዘብ አገልግሎት፣ በቴሌብር፣ ይተላለፋል። ሁለት ሰዎች በአንድ ቅጽበት ሲልኩ የአንዱ ስም ይዘለልና፣ መቼም የማይቀር ነገር ነው፣ ዝርዝሩ እንደገና ይታረማል። ሙስሊሙና ክርስቲያኑ ጎን ለጎን በሚሠሩበት ይፋት «አላህ ይዘንላቸው» እና «ነፍስ ይማር» በአንድ ገጽ ላይ ተከታትለው ይነበባሉ። በየማለዳው ከአበባ ሥዕል ጋር የሚላከው «እንደምን አደራችሁ» ግን፣ እውነቱን ለመናገር፣ ያሰለቻል።

በ2015 ዓ.ም. ማብቂያ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ሲቋረጥ የመድረኩ ደካማ ጎን ታይቷል፤ የእድር ልማድ ግን ከስልኩ የቀደመ በመሆኑ፣ ኔትዎርክ በሌለበትም በወረቀትና በእስክሪብቶ የሚካሄድ ነው።