የወረቀቱ ትኬት ናፍቆት

ሰው በእጁ ያለውን አቃልሎ ከእጁ የወጣውን ማክበር የቈየ ልማዱ ነው። እናቱ በሕይወት ሳለች ደጇን የማይረግጥ ልጅ፥ ከሞተች በኋላ ፎቶግራፏን አስተልቆ በመስተዋት አስከብቦ ከግድግዳ ላይ ይሰቅላል። ይህ ጠባይ በትልቁም በትንሹም ነገር ይታያል። ዛሬ ላነሣው የፈለግሁት ከትንሹ ወገን ነው፤ ይኸውም የእግር ኳስ ወዳጆች ለወረቀት ትኬት ያላቸው ናፍቆት ነው። ነገሩ ትንሽ ቢመስልም፥ ወጣት አንባቢዬ ሆይ፥ ያለፈውን ዘመን እንዴት መመዘን እንደሚገባን ለመማር ይበቃልና ጥቂት ጊዜህን ስጠኝ።

እኔ የምኖርበት ኮልፌ ቀራኒዮ በኳስ ፍቅር ከማንም ሠፈር የሚያንስ አይደለም። ቅዳሜና እሑድ ከአጠና ተራ እስከ ዓለም ባንክ ድረስ የእንግሊዝ ቡድኖች ጨዋታ የሚታይባቸው ቤቶች በወጣት ይሞላሉ። እንዲህ ካለው ቤት ደጃፍ ላይ ከሚያውቁኝ ልጆች አንዱ አስቁሞኝ፥ በስልኩ ላይ ያለውን የድሮ ትኬት ፎቶግራፍ አሳየኝና፥ «ጋሼ፥ እናንተ እኮ ታድላችኋል! እጃችሁ ላይ የሚቀር ነገር ነበራችሁ። ለእኛ የሚተርፈን የስልክ መልእክት ብቻ ነው» አለኝ። ልጁ ሃያ ዓመት አይሞላውም፤ እንዲህ ያለ ትኬት በእጁ ይዞ አያውቅም። ናፍቆቱንም ያገኘው ከዚያው ከሚያማርረው ስልክ ነው። ይህን የምጽፈው በልጁ ለመሣቅ አይደለም፤ ንግግሩ ከልቡ እንደ ነበረ ከፊቱ አይቻለሁ። ከልብ የወጣ ንግግር ደግሞ ከልብ የሆነ መልስ ይገባዋል።

በእርግጥ ዓለም ከወረቀት እየራቀ ሄዷል። በ2015 ዓ.ም. በኅዳርና በታኅሣሥ በኳታር በተደረገው የዓለም ዋንጫ ተመልካቹ የገባው በስልኩ ላይ በያዘው ትኬት ነው። በእኛም አገር ቴሌብር በ2013 ዓ.ም. በግንቦት ወር ሥራ ከጀመረ ወዲህ የገንዘብ ነገር ቀስ በቀስ ወደ ስልክ እየገባ መጥቶ፥ ከ2015 ዓ.ም. ሚያዝያ ጀምሮ በአዲስ አበባ የቤንዚን ዋጋ እንኳ በስልክ እንዲከፈል ተደረገ። ቤንዚን ወደ ስልክ ከገባ የኳስ ትኬት ከውጭ ይቀራል ብሎ የሚያስብ ሰው የዋህ ነው። ስለዚህ የናፋቂዎቹን ክርክር ነገሩ ከማለፉ በፊት በቅን ልብ መመርመር ይገባል።

የመጀመሪያው ክርክራቸው ወረቀቱ ምስክር ነው የሚል ነው። በዚህ እውነት አለ። በአዲስ አበባ ስታዲየም ክቡር ትሪቡን፥ ጥላ ፎቅ፥ ከማን አንሼ፥ ካታንጋ፥ ሚስማር ተራ የሚባሉት ስሞች ከትውልድ ወደ ትውልድ ተላልፈዋል። «ከማን አንሼ» የሚለው ስም ብቻውን አንድ ትልቅ ንግግር ነው፤ በጥላ ሥር ያልተቀመጠ ሰው ለተቀመጠው የሰጠው መልስ ነው። የትኬቱ ቁራጭም ባለቤቱ በየትኛው ወገን እንደ ተቀመጠና ስንት እንደ ከፈለ ይናገራል። በ1954 ዓ.ም. በጥር ወር በዚያ ሜዳ የኢትዮጵያ ብሔራዊ ቡድን ግብፅን በተጨማሪ ሰዓት 4 ለ 2 አሸንፎ፥ አምበሉ ሉቻኖ ቫሳሎ የአፍሪካን ዋንጫ ከንጉሠ ነገሥቱ እጅ ሲቀበል፥ ያን ቀን የገባ ሰው የትኬቱን ቁራጭ አስቀምጦ ቢሆን፥ ያስቀመጠው የግል ዕቃውን ብቻ ሳይሆን የአገር ታሪክ ነው። በአያትህ ሣጥን ውስጥ እንዲህ ያለ ወረቀት ብታገኝ አትጣለው።

ነገር ግን ምስክሩን ከተመሰከረለት ነገር ማብለጥ ስሕተት ነው። ለዚህ አንድ ማስረጃ ከሩቅ አገር ላምጣ። ማይክል ጆርዳን የተባለው አሜሪካዊ የቅርጫት ኳስ ተጫዋች ለቺካጎ ቡልስ የመጀመሪያ ጨዋታውን ያደረገው በ1977 ዓ.ም. በጥቅምት ወር ነበር። የዚያን ምሽት ሳይቀደድ ሙሉውን የቀረ አንድ ትኬት በ2014 ዓ.ም. በጨረታ 468,000 ዶላር ተሸጠ። ትኬቱ ሳይቀደድ የቀረው ለምንድር ነው? አንድ ተማሪ ሁለት ትኬት አግኝቶ፥ አብሮት የሚሄድ ጓደኛ ስላጣ አንዱ ትርፍ ሆኖ ስለ ተመለሰ ነው። እንግዲህ ልብ በል፤ ዋጋው ሰማይ የነካው ማንም ሰው ያልገባበት ትኬት ነው! አንድ ወንበር ባዶ ቀረ፤ ወረቀቱ ግን ከበረ። ለሰብሳቢ ይህ ትርፍ ነው፤ ለኳስ ወዳጅ ግን ከኪሳራ ሁሉ የከፋ ኪሳራ ነው።

እኔ በበኩሌ በ1980 ዓ.ም. በታኅሣሥ ወር፥ ቡድናችን ዚምባብዌን በፍጹም ቅጣት ምት አሸንፎ የምሥራቅና የመካከለኛው አፍሪካን ዋንጫ ሲወስድ ከሕዝቡ መካከል ነበርሁ። የገባሁበት ወረቀት በዚያው ምሽት በግፊያው መካከል ከኪሴ ጠፋ፤ መጥፋቱንም ያወቅሁት ከቀናት በኋላ ነው። የመጨረሻው ምት መረቡን ሲነካ ስሙን የማላውቀው ሰው አንገቴን አቅፎ ሲያለቅስ፥ እንባው ኮሌታዬን እንዳራሰው ግን እስከ ዛሬ አልጠፋብኝም። ያ ሰው ማን እንደ ሆነ፥ ከየት እንደ መጣ፥ ምን ቋንቋ በቤቱ እንደሚናገር አልጠየቅሁትም፤ እርሱም አልጠየቀኝም። እንግዲህ ናፋቂዎቹ ወረቀት አጣን ሲሉ ብዙ ጊዜ ያጡት ያን መተቃቀፍ ይመስለኛል። ያጡትን ነገር በስሙ አለመጥራታቸው ግን ፍለጋቸውን ያሳስታል። መተቃቀፍን የሚፈልግ ሰው ወረቀት ቢሰጡት አይጠግብም።

ሁለተኛው ክርክራቸው የወረቀቱ ዘመን ቀላልና ፍትሕ ያለበት ነበር የሚል ነው። ይህን በግማሽ ብቻ እቀበላለሁ። በ2005 ዓ.ም. በጥቅምት ወር ቡድናችን ሱዳንን 2 ለ 0 አሸንፎ ከ31 ዓመት በኋላ ለአፍሪካ ዋንጫ ሲያልፍ፥ በዚያም ሰሞን ትኬት ለመቁረጥ ከሌሊት ጀምሮ በስታዲየሙ ዙሪያ የተሰለፈውን ሕዝብ ያየ ሰው ቀላል ነበር ሊል አይችልም። ጉልበተኛ ሰልፉን ይሰብራል፤ የሚያውቀው ሰው ያለው በጓሮ ይጨርሳል፤ አየር ባየር ነጋዴ ከመስኮቱ ገዝቶ ከመስኮቱ ዐሥር እርምጃ ርቆ በእጥፍ ይሸጣል፤ የገጠር ሰው ከሆንህ ደግሞ ሐሰተኛ ወረቀት አስይዞህ ይሰወራል። ይህን ሁሉ ረስቶ የወረቀቱን ሽታና ቀለም ብቻ የሚያስታውስ ትዝታ፥ ገለባውን አበጥሮ ፍሬውን የደፋ ወንፊት ነው።

ይሁን እንጂ በዚህ ክርክር ውስጥ ያለው ሌላው ግማሽ እውነት ነው፤ እንዲያውም ከሁሉ የሚከብደው እርሱ ነው። የወረቀት ትኬት ከሚሸጥበት መስኮት ፊት የቆመ ሰው የሚጠየቀው ገንዘብ ብቻ ነበር። ሊስትሮው ቀኑን ሙሉ ጫማ ጠርጎ ያጠራቀመውን ሳንቲም ቈጥሮ ይሰጣል፤ ትኬቱን ተቀብሎ እንደ ማንኛውም ሰው ይገባል። ዛሬ ግን ገንዘቡ ከመጠየቁ በፊት ስልኩ ይጠየቃል፤ ስልኩም ቢሆን ተራው ስልክ አይበቃም። ከጐረቤቶቼ መካከል ዕድሜ ልካቸውን ለአንድ ቡድን ሲጨነቁ የኖሩ ሽማግሌ አሉ፤ የያዙት ስልክ ደውሎ ከማነጋገር በቀር ሌላ አያውቅም። በእርሳቸውና በሜዳው መካከል አዲስ ግንብ ሲሠራ ማን አየ? ናፋቂዎቹ ስለ ማስታወሻቸው ሲያዝኑ ብዙ ጊዜ ሰምቻለሁ፤ ከበሩ ውጭ ስለሚቀረው ሰው ሲያዝኑ ግን አልሰማሁም። የምነቅፋቸው ስለ ናፈቁ አይደለም፤ ናፍቆታቸው ከራሳቸው ኪስ አልፎ ወደ ሌላ ሰው ስለማይደርስ ነው።

በሌላ በኩል ደግሞ ጥፋትን ሁሉ በወረቀቱ ላይ የሚጭኑትን አዲስ ወዳዶች መጠንቀቅ ይገባል። በ2014 ዓ.ም. ግንቦት 20 ቀን በፓሪስ ከተማ የአውሮፓ ሻምፒዮንስ ሊግ ፍጻሜ ሲደረግ፥ የሊቨርፑል ደጋፊዎች ከበሩ ውጭ ተጨናንቀው ቆሙ፤ ፖሊስም አስለቃሽ ጋዝ ረጨባቸው። የፈረንሳይ ሹማምንት ወዲያው ሐሰተኛ ትኬት የያዘ ብዙ ሺሕ ሰው መጥቶ ነው ብለው ጥፋቱን በደጋፊዎቹ ላይ ጣሉ። በ2015 ዓ.ም. በየካቲት ወር የወጣው የገለልተኛ አጣሪዎች ዘገባ ግን ዋናውን ኀላፊነት ያደረገው ጨዋታውን ባዘጋጀው በአውሮፓ እግር ኳስ ማኅበር ላይ ነው። ከዚህ የምንማረው ምንድር ነው? ትኬቱ ወረቀትም ሆነ ስልክ፥ በበሩ ላይ የቆመው ሰው ሥራውን ካላወቀና ሕዝቡን ካላከበረ መጨናነቁ አይቀርም። ሥርዐት የሚመጣው ከትኬቱ ዓይነት ሳይሆን ከሰው ነው።

አሁን ከሁሉ ወደሚበልጠው ነገር ልምጣ። ከዚያ ከፓሪሱ ጨዋታ ሁለት ሳምንት እንኳ ሳይሞላ፥ በ2014 ዓ.ም. ሰኔ 2 ቀን፥ የኢትዮጵያ ብሔራዊ ቡድን ለአፍሪካ ዋንጫ ማጣሪያ ግብፅን አስተናገደ፤ 2 ለ 0ም አሸነፈ። በ1954 ዓ.ም. ከተገኘው ድል 60 ዓመት በኋላ ያንኑ ባላጋራ ማሸነፍ እንዴት ያለ ደስታ ነው! ነገር ግን ያስተናገደው የት ነበር? በማላዊ አገር በሊሎንግዌ ከተማ ነበር። በዚያን ጊዜ በአገራችን ካሉት ሜዳዎች አንዱም የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን የሚጠይቀውን መመዘኛ ስላላሟላ፥ ቡድናችን የራሱን ግብዣ በሰው ቤት ደገሰ። የኮልፌ ልጅ ያን ድል በቴሌቪዥን አየ። ቢፈልግ የወረቀት ትኬት፥ ቢፈልግ የስልክ ትኬት ሊቈርጥ አይችልም ነበር፤ የሚገባበት በር አልነበረምና። ያን ሰሞን ትኬቱ ከወረቀት ይሻል ከስልክ እያሉ መከራከር፥ ቤት የሌለው ሰው ስለ ቤቱ ቍልፍ እንደሚጣላ ያለ ነገር ነው። አንድ ሕዝብ ሊናፍቅ የሚገባው ነገር ካለ በገዛ ሜዳው በገዛ ድምፁ ልጆቹን ማበረታታትን ነው። ይህ ናፍቆት ደግሞ ከማልቀስ ይልቅ ለሥራ ያስነሣል፤ ሜዳ አሠርቶ፥ ሜዳ አስጠብቆ፥ የተሠራውንም ወንበር ሳይሰብሩ ለሚመጣው ልጅ ማቈየትን ይጠይቃልና።

እንግዲህ ወጣቱ ወዳጄ፥ ምክሬ አጭር ነው። የድሮ ትኬት ብታገኝ በጀርባው ላይ ማን እንደ ገባበት፥ ከማን ጋር እንደ ሄደ ጠይቀህ ጻፍበት፤ ይህን የሚነግርህ ሰው በሕይወት ሳለ አሁኑኑ ጠይቅ። በስልክህ ትኬት የምትቈርጥበት ቀን ሲመጣ፥ ለአንተ ብቻ አትቍረጥ፤ ስልኩ ለማይታዘዝላቸው ለጐረቤትህ ሽማግሌ ጨምረህ ቍረጥና ክንዳቸውን ደግፈህ አስገባቸው። ለምትደግፈው ቡድን ሹማምንት ጥያቄ የማቅረብ ዕድል ብታገኝ፥ የድሮው ወረቀት ይመለስልን ብለህ አትለምን፤ ሳንቲም ይዞ ለሚመጣ ሰው አንድ መስኮት ይከፈት ብለህ ለምን። ከገባህም በኋላ ጨዋታውን በዓይንህ እይ። ዘጠና ደቂቃ ሙሉ ስልኩን ዘርግቶ ፎቶግራፍ የሚያነሣ ሰውና ለትኬቱ ቁራጭ ብቻ የሚጨነቅ ሰው ወንድማማቾች ናቸው፤ ሁለቱም ማስረጃውን ይዘው ነገሩን ያጣሉ።

አባቶቻችን ባለፈ ክረምት ቤት አይሠራም ይላሉ። ባለፈው ክረምት የት የት እንዳፈሰሰ ማስታወስ ግን ለሚመጣው ክረምት ጣሪያን ለማደስ ይጠቅማል። የወረቀቱን ትኬት በዚህ መንገድ ልናስታውሰው እንችላለን፤ ለሊስትሮው ልጅ ክፍት የነበረውን መስኮት ከእርሱ ወስደን፥ ሐሰቱንና ግፊያውን ለእርሱ ትተን። ይህን ካደረግን ወረቀቱ ቢያልፍም የሚቀርብን ነገር የለም።