የፊታውራሪ መሸሻ አጥንትና የቤታቸው ዕቃ

በ1958 ዓ.ም. የታተመው የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» በአንባቢ ዘንድ ይልቁንም የሚታወሰው በሰብለ ወንጌልና በበዛብህ ፍቅር ነው። የዚህ አጭር ሂስ ዐላማ ግን ስለ ሽማግሌው ስለ ፊታውራሪ መሸሻ አንድ ጥያቄ ማንሣት ነው። ይኸውም፥ እኚህ ሰው አጥብቀው የሚመኩበት «አጥንት» በጎጃም ደጋ ከሌላው ሰው በእውነት ይለያቸው ነበርን? የሚል ነው።

በጎጃም ርስት በአባትም በእናትም ወገን ይቈጠር ነበር። ትውልዱን እስከ አቅኚ አባት ቈጥሮ ያስመሰከረ፥ ወንድም ቢሆን ሴት፥ ድርሻውን መጠየቅ ይችል ነበር። አለን ሆበን ስለ ደጋ ዳሞት በ1973 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ ይህን አቈጣጠር በሰፊው ገልጾታል። ስለዚህም ባለጉልቱና ገባሩ ከአንድ አባት ሲወለዱ መገኘታቸው እንግዳ ነገር አልነበረም። የሚለያቸው ማዕርግና ዕቃ ነበር። ጋሻው በምሰሶ ላይ ሲሰቀል፥ ጌታው በአልጋ፥ ገበሬው በቁርበት ላይ ሲቀመጥ፥ ለአንዱ ጠጅ በብርሌ፥ ለሌላው ጠላ በቅል ሲቀዳ፥ ማን ማን እንደ ኾነ ያለ ቃል ይታወቃል።

ዕቃ ደግሞ እንደ ርስት ለኹሉ አይካፈልም። መሬቱን ሰባት ልጆች ሲካፈሉት ጋሻው ለአንዱ ብቻ ይደርሳል፤ የአባቱንም ስም ይዞ የሚታየው እርሱ ነው። ፊታውራሪ ግን ያላቸው አንዲት ሴት ልጅ ናት። ርስቱን ሰብለ ልትወርስ ትችላለች፤ ጋሻውንና ማዕርጉን የሚሸከም ግን ወንድ ያሻል። የመጣውን ባል ኹሉ መናቃቸው፥ በእኔ አስተያየት፥ ከአጥንት ትምክሕት ይልቅ ከዚህ ስጋት የመነጨ ነው።

ደራሲው ትምክሕቱ ግፍ መኾኑን በሚገባ አሳይቷል፤ በአገሩ የርስት ሥርዐት ሐሰት መኾኑን ግን አላጐላም። በአበጀ በለው መሪነት ያመፁት ገበሬዎች በየቤታቸው አባት ቈጣሪ ሽማግሌ እንዳላቸው አጕልቶ ቢያሳየን ኖሮ፥ የፊታውራሪ ሽንፈት ይበልጥ መራራ በኾነ ነበር።

ነገሩ የመጽሐፍ ጕዳይ ብቻ አይደለም። ከየካቲት 1967 ዓ.ም. አዋጅ ወዲህ አባት መቍጠር መሬት አያስገኝም። በደብረ ማርቆስ ዙሪያ ላለ ሽማግሌ የቀረው ምስክር ምናልባት የአያቱ ጋሻ ወይም ዋንጫ ነው። ይህም ለቅርስ ነጋዴ ከተሸጠ በኋላ ቁርበትና ቀንድ ብቻ ይኾናል። ስለዚህ ዕቃው የማን እንደ ነበረና በማን እጅ እንዳለፈ፥ ሽማግሌው በሕይወት ሳሉ ጠይቆ መጻፍ የእኛ የተማሪዎች ተግባር ነው።