ሰፌዱና ቀመሩ፦ ስለ እጅ ሥራ ትምህርት አፈጻጸም የቀረበ ትችት

የእጅ ሥራ ከቀለም ትምህርት ጋር ይቀናጅ የሚለው ሐሳብ ለመምህራን እንግዳ አይደለም። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲም ትምህርት ከተግባርና ከችግር ፈቺነት ጋር እንዲዛመድ አስቦ ነበር። የዚህ ጽሑፍ ትችት በሐሳቡ ላይ ሳይሆን በአፈጻጸሙ ላይ ነው።

በቡሬና በፍኖተ ሰላም ዙሪያ ባሉ ገጠሮች፣ ስንደዶና አክርማ ሰብስባ፣ አለላ አዘጋጅታ፣ በወስፌ ሰፌድ የምትሰፋ ልጃገረድ ብርቅ አይደለችም። ይህ ጸሐፊ በአንድ ትምህርት ቤት እንደ ታዘበው ግን፣ በእጅ ሥራ ክፍለ ጊዜ የተሰፋው ሰፌድ ለጌጥ ግድግዳ ላይ ተሰቀለ፤ በሒሳብ ክፍለ ጊዜ ደግሞ የክብ ዙሪያ ቀመር በጥቁር ሰሌዳ ተጽፎ በቃል ተጠና። ሁለቱን የሚያገናኝ አንድም ጥያቄ አልቀረበም። ይባስ ብሎ ሰፌዱን የሰፋችው ተማሪ በዚያው ቀመር ፈተና ወደቀች።

ቀመሩ ግን በሰፌዱ ውስጥ ነበር። የሣሩ ጥቅልል ውፍረት ግማሽ ሴንቲ ሜትር ቢሆን፣ በየዙሩ ራዲየሱ በዚያው መጠን ስለሚያድግ፣ እያንዳንዱ ዙር ካለፈው በ3.14 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይረዝማል። ይህም ከመካከሉ አጠገብም ሆነ ከጠርዙ ቢለካ ያው ነው። ዙሩ ከሚገባው ካጠረ ሰፌዱ ይጎደጉዳል፤ ከረዘመ ጠርዙ ይጣመማል። ይህን የሰፊዋ እጅ ያውቀዋል፤ ሙዳይ ስትሻ ሆን ብላ ዙሩን ታሳጥረዋለች። ተማሪዎች ዙሮቹን በክር ለክተው፣ በሠንጠረዥ መዝግበው ልዩነቱን ራሳቸው ቢደርሱበት፣ ፓይ የሚሸመደድ ቁጥር መሆኑ ይቀራል። የአለላውን ጌጥ በዙሪያው እኩል ለመደልደልም ማካፈል ግድ ይላል።

ጥንቃቄም ያሻል። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1937 ጋንዲ በዋርዳ ጉባኤ ትምህርት በእጅ ሥራ አማካይነት እንዲሰጥ ሐሳብ ሲያቀርቡ፣ የመምህራን ደመወዝ ከተማሪዎች ምርት እንዲሸፈን መታሰቡ ብርቱ ነቀፌታ አስከትሏል። ነቀፌታው ለእኛም ይሠራል፤ መመዘን ያለበት የተሰፋው ሰፌድ ብዛት ሳይሆን ተማሪው የተረዳው ነገር ነው። ስፌቱም ለሴቶች ልጆች ብቻ ከተተወ፣ ወንዶቹ ከትምህርቱ ይቀራሉ፤ ሴቶቹም በቤት የለመዱት ሥራ ይደገምባቸዋል እንጂ አዲስ ነገር አያገኙም።

ስለዚህ የመምህሩ መምሪያ በእያንዳንዱ የእጅ ሥራ አንጻር ቢያንስ አንድ የሚለካ ጥያቄ ሊያሰፍር ይገባል። በስፌት የታወቁ የአካባቢው እናቶችም ወደ ክፍል ይጋበዙ። ያን ጊዜ ልጅቱ ከቤቷ ይዛው የመጣችው ዕውቀት በማርክ መዝገብ ላይ ቦታ ያገኛል።