የመድረክ ወረቀት ዕድሜ

በታሪካዊ ተውኔት ውስጥ ደብዳቤ ሲያስፈልግ የመድረክ ቁሳቁስ ሠሪው እጅ ወደ ሻይ ውሃ ይሄዳል። ነጩ ወረቀት ይነከራል፣ ጠርዙ በእሳት ይለበለባል፣ «የዱሮ» ሆኖ ለተዋናዩ ይሰጣል። ይህ ልማድ ለዘመኑ እውነት የቆመ ቢመስልም ከእውነቱ ያርቃል። የመድረክ ወረቀት ዕድሜ መቆጠር ያለበት ከእኛ ዘመን ሳይሆን ከታሪኩ ሰዓት ተነሥቶ ነው። ደብዳቤው ትናንት ከተጻፈ ገጸ ባሕርዩ የሚይዘው አዲስ ወረቀት ነው፤ የመቶ ዓመቱ ቢጫነት በእሱ ዓለም ገና አልደረሰም።

የሄንሪክ ኢብሰን «የአሻንጉሊት ቤት» (እ.ኤ.አ. 1879) ለዚህ ጥሩ መፈተኛ ነው። ኖራ ባሏን ለማሳከም ስትበደር በብድር ውሉ ላይ የአባቷን ፊርማ አስመስላ ፈርማለች። አበዳሪው ክሮግስታድ ወረቀቱን ከኪሱ አውጥቶ ያፋጥጣታል፦ አባቷ የሞቱት ሴፕቴምበር 29 ነው፤ የፊርማው ቀን ኦክቶበር 2። ቀኑም በአባትየው እጅ አልተጻፈም። በሦስተኛው ገቢር የክሮግስታድ የክስ ደብዳቤ ይነበባል፤ ውሉን የሚመልስ ሁለተኛ ደብዳቤም ይመጣል፤ ባልየው ሄልመር ሦስቱንም ቀዳዶ ምድጃ ውስጥ ይጨምራቸዋል። እንግዲህ ደብዳቤዎቹ የዚያው የገና ሰሞን ናቸው። ውሉ ግን ዓመታት ያለፉበት፣ እጥፋቱ የሳሳ፣ ጠርዙ በመነካካት የለሰለሰ ነው። ጽሕፈቱም ሦስት ዓይነት ነው፦ ክሮግስታድ ያረቀቀው ቃል፣ አባትን ለመምሰል ተጠንቅቆ የተጣለው ፊርማ፣ በኖራ የዘወትር ጽሕፈት የተሞላው ቀን። ሦስቱን ወረቀቶች በአንድ ሻይ የነከረ ሰው ጸሐፌ ተውኔቱ የለያየውን ጊዜ ደባልቆታል።

«ከኋላ ረድፍ የተቀመጠ ተመልካች ቀኑን መች ያነባል?» የሚል ተቃውሞ ይነሣል። አያነብም፤ ተዋናይዋ ግን ታነባለች። ቀኑ በትክክል በቦታው ካለ ዐይኗ እዚያ ያርፋል፣ ድንጋጤዋም ከወረቀቱ ይመጣል። ባዶ ወረቀት ስትይዝ ማንበብን ራሱን መተወን ይጨመርባታል፤ ተመልካችም ይህን ያያል። ሁለተኛው ተቃውሞ የበለጠ ይከብዳል፦ ንጹሕ ወረቀት በመድረክ መብራት የቢሮ ወረቀት ይመስላል። እውነት ነው፤ ምክንያቱ ግን አዲስነቱ አይደለም። የዛሬ የማተሚያ ወረቀት ነጭነቱን የሚያጎላ ኬሚካል ስላለበት ወደ ሰማያዊ ያበራል። መጠኑም ኤ4 ነው፤ ይህ ልክ በጀርመን ደረጃ ሆኖ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1922 ነው። መፍትሔው ያልተነጣ፣ ክሬም መልክ ያለው ወፈር ያለ ወረቀት መምረጥና በሌላ ልክ መቁረጥ ነው።

በአገራችን ታሪካዊ ተውኔትም ያው ነው። ዐፄ ቴዎድሮስ እ.ኤ.አ. በ1862 ለንግሥት ቪክቶሪያ የላኩት ደብዳቤ በመድረክ ላይ ሲጻፍ ከታየ፣ ቀለሙ ገና ያልደረቀ አዲስ ወረቀት መሆን አለበት። ማኅተሙም እንደ ነገሥታቱ ሥርዓት ከአናቱ ይረፍ፤ እንደ ዛሬ ቢሮ ከግርጌ ከታተመ የወረቀቱ ቢጫነት አያድነውም።

እርጅና የሚያስፈልገው ወረቀት በእርግጥ አለ፤ የክሮግስታድ ውል አንዱ ነው። ሄልመር በየምሽቱ ስለሚያቃጥለው ብዙ ቅጂ ይፈልጋል። ቅጂዎቹ ገና በልምምዱ መጀመሪያ ተዘጋጅተው ክሮግስታድን ለሚጫወተው ተዋናይ ቢሰጡ፣ እሱም እያፈራረቀ በኮቱ ኪስ ቢይዛቸው፣ ቢያጥፍ ቢዘረጋቸው፣ እጥፋታቸው በትክክለኛው ቦታ ይሳሳል።