ማንገቻው የሚያልፍበት መንገድ

የካሜራ ቦርሳ የሚገዛ ሰው ብዙ ጊዜ ክዳኑን ከፍቶ ክፍሎቹን ይቆጥራል። እኔ ገልብጬ ታቹን ነው የማየው። ማንገቻው ከአፉ ጠርዝ ላይ ተሰፍቶ ቀርቷል ወይስ በጎኑ ወርዶ፣ በሥሩ ዞሮ፣ በሌላው ጎን ወጥቷል? የመጀመሪያው ከሆነ የካሜራው ክብደት ሁሉ የተንጠለጠለው በሁለት ጣት ስፌት ላይ ነው። ሁለተኛው ከሆነ ሸክሙን የተሸከመው ማንገቻው ራሱ ነው፤ ጨርቁ ዕቃውን መሰብሰብ ብቻ ነው ሥራው። ጨርቁ ቢያረጅና ቢሳሳ እንኳ ካሜራው መሬት አይወድቅም።

ዶምኬ ኤፍ-2 በዚህ በኩል ዐይኔን የሚይዘው ቦርሳ ነው። ያበጀው ጂም ዶምኬ የፊላደልፊያ ኢንኳየረር ጋዜጣ ፎቶግራፍ አንሺ ነበር። ጊዜው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር 1970ዎቹ አጋማሽ ሲሆን ቦርሳውን ያሰበው ለራሱ የዕለት ሥራ ነው። በሥሩ የሚዞረው ማንገቻው ወፍራም የጥጥ ጥብጣብ ነው፤ በሽመናው ውስጥ ሁለት የጎማ መስመሮች ገብተውበታል። ጎማው ላዩ ላይ ተለጥፎ ቢሆን ኖሮ ላብና ፀሐይ ይልጡት ነበር። ከጥብጣቡ ጋር አብሮ ስለተሸመነ ግን ጥብጣቡ እስካለ ድረስ አለ፤ ትከሻ ላይ ሲያርፍም አይንሸራተትም። ይህን እንደ ትንሽ ነገር የሚያየው፣ ማንገቻ እንዳይወርድበት ቀኑን ሙሉ አንድ ትከሻውን ሰብቆ ያልዋለ ሰው ነው።

የቦርሳው አካል ወፍራም የጥጥ ሸራ ነው፤ ግድግዳው ውስጥ ስፖንጅ የለም። መሃሉ ላይ የሚገባው ባለ አራት ክፍል መከፋፈያ ብቻ ነው ለስለስ ያለ። በዚህ የተነሣ ቦርሳው ዳሌ ላይ ተኝቶ የሰውነትን ቅርጽ ይይዛል፤ ጥምቀትን ጃንሜዳ ላይ እንደማንሣት ባለ ጭንቅንቅ ሥራ ውስጥ ሰው አይጎሽምም፣ በሰውም አይያዝም። ክዳኑ ጥግና ጥጉ ላይ ወደ ታች የታጠፈ ስለሆነ ዝናቡና አዋራው በጎን አይሾልኩም። የሚዘጋውም በብረት መንጠቆ ነው። ቅዳሴ እየተቀደሰ ሳለ ተለጣፊ መዝጊያውን ጠርርር አድርጎ ከፍቶ ሕዝበ ክርስቲያኑን ሁሉ ወደ ራሱ ያዞረ ፎቶ አንሺ የዚያ መንጠቆ ዝምታ ምን ያህል ዋጋ እንዳለው አይጠፋውም።

ሸራው ግን ውድቀትን አይችልም። ከአውቶቡስ ጣሪያ ላይ ለሚጫን ዕቃ ኤፍ-2ን አልመክርም፤ የተሠራው ከባለቤቱ ጎን ለማይለይ ዕቃ ነው።

የእንግሊዙ ቢሊንግሃም ሌላ ዓይነት ጥበብ ነው። ማርቲን ቢሊንግሃም ሥራውን የጀመረው በ1973 ሲሆን መጀመሪያ ይሠራ የነበረው የዓሣ አጥማጆች ቦርሳ ነው። ኒው ዮርክ ውስጥ ፎቶ አንሺዎች ያንኑ ቦርሳ ለካሜራ እየገዙት መሆኑ የታወቀው በ1978 ነበር። ዓሣ አጥማጅ ዝናብ ውስጥ ቆሞ የሚውል ሰው ስለሆነ ነገሩ አይገርምም። ጨርቁ ሦስት ንብርብር ነው፤ በሁለት ጨርቆች መካከል የጎማ ሽፋን ተጣብቆ ገብቷል። ውኃ የሚከለክለው ነገር ላዩ ላይ ተቀብቶ ቢሆን ኖሮ በመታሸት ብዛት በለቀቀ ነበር፤ እዚህ ግን ውጫዊው ጨርቅ ቢፋቅም ጎማው አይነካም። ሲታጠፍ የሚፋተገውና ቶሎ የሚበላው ቦታ ላይ ቆዳ ይደረባል። ሃድሊ የሚባለውን ሞዴል የሚዘጋው የቆዳ ጠፍር ነው፤ በጠፍሩ ላይ ያለው ቀዳዳ ከናስ በተሠራ ክብ ጉብታ ላይ ይሰካል። ቆዳው በቆየ ቁጥር እየላላ ስለሚሄድ አውራ ጣት ብቻውን ይፈታዋል። ሌላው እጅ ካሜራውን ይዞ ሳለ ማለት ነው።

የሃድሊ ውስጠኛው መያዣ ሙሉ በሙሉ ተነሥቶ ይወጣል። ይህን ከቦርሳ ውስጥ የገባ ማደሪያ ሳይ የሚታወሰኝ የኛ የብራና መጽሐፍ ማኅደር ነው። የማኅደር ሰፊ ቆዳውን የሚቆርጠው መጽሐፉን ለክቶ ነው፤ ከሰፋ መጽሐፉ በየእርምጃው እየተንሸራተተ ጠርዙ ይፈገፈጋል። ሌንስም እንዲሁ ነው። ብዙ ሰው «ወደፊት ለምገዛው ዕቃ» ብሎ ትልቁን ቦርሳ ያነሣል፤ ባዶ የቀረው ቦታ ግን ዕቃ ከዕቃ የሚጋጭበት ሜዳ ይሆናል። ካሜራን ከነሌንሱ ሱቅ ድረስ ይዞ ሄዶ፣ ሁሉንም ከትቶ፣ ቦርሳውን ማወዛወዝ ጥሩ ነው። የሚንኳኳ ድምፅ ከተሰማ መከፋፈያው ይጠጋጋ፤ ካልተጠጋጋ ቦርሳው ለዚያ ዕቃ አይሆንም።

በስፌት ረገድ አንድ ነገር ልጨምር። ማንገቻ ከአካሉ ጋር የሚገናኝበት ቦታ ላይ አራት ማዕዘን ተሰፍቶ መሃሉ በሰያፍ የተሻገረ ስፌት ካለ ሠሪው ተጨንቆበታል። ነጠላ መስመር ሲሳብ ከጫፉ ጀምሮ አንድ በአንድ ይተረተራል፤ የተሻገረው ግን ጉተታውን ወደ ሁሉም አቅጣጫ ያካፍላል።

ደረቁን ሻንጣ፣ ፔሊካንን፣ ብዙ ሰው እንደ ተራ የፕላስቲክ ሣጥን ያየዋል፤ እኔ ግን እጀታው አጠገብ ያለችውን ትንሽ ቫልቭ ሳላደንቅ አላልፍም። በክዳኑ ዙሪያ ያለው የጎማ ቀለበት ሻንጣውን አየር እንኳ እንዳያስገባ አድርጎ ይዘጋዋል፤ ችግሩም የሚጀምረው ከዚያ ነው። አዲስ አበባ 2,300 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ ዳሎል ከባሕር ወለል በታች ከ100 ሜትር በላይ ይወርዳል። አዲስ አበባ ላይ የተዘጋው ስስ አየር ዳሎል ሲደርስ ከውጭ ያለው ከባድ አየር ክዳኑን ይጫነዋል። የ1510 ሞዴል ውስጡ 50 በ28 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው፤ በዚያ ስፋት ላይ የሚያርፈው ግፊት፣ የበረሃው ሙቀት የውስጡን አየር የሚያሰፋው ታስቦም ቢሆን፣ ከሁለት ኩንታል ክብደት ይበልጣል። ቫልቯ ባትኖር ኖሮ ክዳኑን በእጅ መክፈት ዘበት ነበር። እሷ አየሩን ታሳልፋለች፣ ውኃውን ታስቀራለች። የጎማው ቀለበት ላይ የሚያርፈውን የጨው ብናኝ ግን ሻንጣው በተከፈተ ቁጥር በጨርቅ መጥረግ ያስፈልጋል፤ አንዲት ቅንጣት በቀለበቱና በክዳኑ መካከል ከገባች ውኃ መግቢያ አገኘ ማለት ነው።