የተሳሳተው ማይክሮፎን

አጎቴ ቤት አንድ ካሴት ነበረ። ጀርባው ላይ በቀይ እስክሪብቶ «ኤሊንግተን - ኒውፖርት» ተብሎ ተጽፎበታል። ከጓደኛቸው ሸክላ የተቀዳ ነው። እኔ የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ሳለሁ ያን ካሴት ሲያሰሙኝ፣ ጣታቸውን ቀስረው ይጠብቁና ልክ ጭብጨባው ሲፈነዳ «ስማ! ይኼን ሕዝብ ስማ!» ይሉኝ ነበር። ለእርሳቸው ምስክሩ ጭብጨባው ነው።

ከዓመታት በኋላ ስለዚያ ሸክላ ታሪክ ሳነብ፣ ከጭብጨባው የሚበዛው በኋላ ስቱዲዮ ውስጥ የተለጠፈ መሆኑን ተረዳሁ። ለአጎቴ ግን አልነገርኳቸውም። ለምን እንዳልነገርኳቸው ወደ ኋላ እመለስበታለሁ።

ኒውፖርት በአሜሪካ ሮድ አይላንድ ግዛት በባሕር ዳር ያለች፣ የድሮ ባለጸጎች የበጋ ቤታቸውን የሠሩባት ትንሽ ከተማ ናት። (የእኛ ክረምት የእነርሱ በጋ መሆኑን አንባቢ ያስታውስ። «ዓ.ም.» ካላልኩ በቀር ዓመታቱም በእነርሱ አቆጣጠር ናቸው።) ሎሪላርድ የተባሉ የከተማይቱ ባለሀብት ባልና ሚስት ገንዘብ አወጡ፤ በቦስተን የጃዝ ክበብ የነበረው ፒያኖ ተጫዋቹ ጆርጅ ዌይን ደግሞ ዝግጅቱን ያዘ፤ በጁላይ 1954 የመጀመሪያው የጃዝ ፌስቲቫል ተከፈተ። ቢሊ ሆሊዴይ፣ ኤላ ፊትዝጄራልድ፣ ዲዚ ጊሌስፒ፣ ሌስተር ያንግ በዚያ ዓመት ብቻ ከመድረኩ ወጥተዋል። ከዚያ በኋላ ያልመጣ ማን አለ? የስም ዝርዝሩን ብደረድረው ገጹ አይበቃኝም፤ ደግሞም የስም ዝርዝር የአንድን ፌስቲቫል ነፍስ አያሳይም። እንደ እኔ እምነት ኒውፖርትን ኒውፖርት ያደረጉት ስማቸው በትልቁ ከተጻፈው ይልቅ ማንም ብዙ ያልጠበቀባቸው ሰዎች ናቸው።

ማይልስ ዴቪስን እንውሰድ። በ1955 ሲመጣ በሄሮይን ሱስ ስሙ ጠፍቶ የቆየ፣ በመጨረሻ ሰዓት ከሌሎች ጋር የተጨመረ ሰው ነበር። ፒያኖው ላይ ቴሎኒየስ መንክ ተቀምጦ፣ የራሱን የመንክን «ራውንድ ሚድናይት» ተጫወቱ። ከታዳሚው መካከል የኮሎምቢያ ሸክላ አሳታሚው ጆርጅ አቫኪያን ነበረና ማይልስን አስፈረመው። የቀረውን ዓለም ያውቀዋል።

ኤሊንግተንም በተከታዩ ዓመት ሲመጣ ከዚህ ብዙ የተሻለ አልነበረም። 57 ዓመቱ ነው፤ ትልልቆቹ ኦርኬስትራዎች በየቦታው ይፈርሳሉ፤ የእርሱም ዘመን አበቃ የሚሉ ብዙዎች ናቸው። ጁላይ 7 ቅዳሜ ማታ፣ እኩለ ሌሊት ሊሆን ሲቃረብ፣ ሰው ኮቱን እየያዘ መውጣት ሲጀምር መድረኩን ሰጡት። ከቢሊ ስትሬይሆርን ጋር ለበዓሉ የደረሱትን አዲስ ሥራ አቀረበ፤ ሰው በጨዋነት ሰማ። ቀጥሎ በ1937 የጻፋቸውን ሁለት የብሉዝ ዜማዎች አወጣ፤ አንደኛው እየሰለለ የሚወርድ፣ ሌላኛው እየጎላ የሚወጣ ነው። በሁለቱ መካከል ያለውን ባዶ ቦታ እንዲሞላ የታዘዘው ቴነር ሳክስፎን ተጫዋቹ ፖል ጎንዛልቬስ ነበር፤ ወላጆቹ ከኬፕ ቬርዴ የመጡ ሰው።

ጎንዛልቬስ 27 ዙር ተጫወተ። የብሉዝ አንድ ዙር አሥራ ሁለት ባር ነው፤ ያንኑ መንገድ ሃያ ሰባት ጊዜ ሄደበት ማለት ነው። እኔ በበኩሌ ደጋግሜ ስሰማው የሚገርመኝ የጣቱ ፍጥነት አይደለም፤ ከእርሱ የፈጠኑ ሞልተዋል። አለመቸኮሉ ነው። አንዲት ሐረግ ያነሣል፣ ይጨምቃታል፣ ይተዋታል፤ ከኋላው የሳም ውድያርድ ከበሮ ሳያዳልጠው ይገፋዋል። ኤሊንግተን ራሱ ከፒያኖው እየጮኸ «ቀጥል» ይለዋል። አዝማሪ ቤት የተቀመጠ ሰው ይህን ያውቀዋል፤ ከታዳሚው አንዱ ሲያቅራራ አዝማሪው ሊጨርስ ያለውን እንደገና ይጀምረዋል። እዚያም ጥቁር ቀሚስ የለበሰች አንዲት ሴት ብድግ ብላ መደነስ ጀመረች፤ ሰው ወንበር ላይ ወጣ። ዌይን ብጥብጥ ይነሣል ብሎ ሊያስቆም ቢሞክር ኤሊንግተን እምቢ አለ። በኦገስት «ታይም» መጽሔት የኤሊንግተንን ምስል በሽፋኑ ይዞ ወጣ።

እንግዲህ ወደ ማይክሮፎኑ። ጎንዛልቬስ ሲጫወት የቆመው ከኮሎምቢያ ማይክሮፎን ፊት አልነበረም፤ የራዲዮ ጣቢያው የአሜሪካ ድምፅ ባቆመው ማይክሮፎን ላይ ነበር። አዎን፣ እኛ ማታ ማታ ለዜና እንከፍተው የነበረው የአሜሪካ ድምፅ! ኩባንያው ቴፑን ሲያዳምጥ የሌሊቱ ጀግና ከሩቅ፣ ከግድግዳ ጀርባ እንደሚጫወት ሰው ሆኖ ተገኘ። ሰኞ ጁላይ 9 ኦርኬስትራው ስቱዲዮ ገብቶ አብዛኛውን ሥራ እንደገና ተጫወተ፤ የሕዝብ ድምፅ ተለጠፈበት፤ «ኤሊንግተን በኒውፖርት» ተብሎ ተሸጠ። በኤሊንግተን ዕድሜ እንደዚያ የተሸጠ ሸክላው የለም።

ነገሩ የሚያስቀው እዚህ ላይ ነው። በዚያ ሸክላ ላይ ጥርት ብሎ የሚሰማው ሐሰተኛው ነው፤ ደብዝዞ የሚሰማው የጎንዛልቬስ 27 ዙር ደግሞ እውነተኛው። አርባ ዓመት ሙሉ ጆሯችን ደብዛዛውን ይቅር እያለ ጥርቱን አመነ። በ1996 የአሜሪካ ድምፅ ቴፕ ከኮንግረሱ ቤተ መጻሕፍት ተገኘ፤ በ1999 ሁለቱን ቴፖች አጣምሮ የተሟላው ሌሊት በሲዲ ወጣ። ሳክስፎኑ ለመጀመሪያ ጊዜ ፊት ለፊት ቆሞ ተሰማ።

ፊልሙስ ከሸክላው ይሻላል? በርት ስተርን የተባለው ፎቶግራፍ አንሺ በ1958ቱ ፌስቲቫል ላይ የሠራው «ጃዝ ኦን ኤ ሰመርስ ዴይ» እጅግ ውብ ፊልም ነው፤ አልክድም። አኒታ ኦዴይ በላባ ባርኔጣዋና በነጭ ጓንቷ የምትዘፍንበት ክፍል ብቻውን ቲኬቱን ያስከፍላል። ካሜራው ባርኔጣዋን ሲያፈቅር እርሷ በምቱ ላይ እየተንሸራተተች ካሜራውን ታስረሳናለች። ማሃሊያ ጃክሰንም መዝሙሯን ይዛ ፊልሙን ትዘጋለች። መንክ ፒያኖ ሲጫወት ግን ካሜራው ጥሎት ወደ ጀልባ ውድድር ይሄዳል፤ በሙዚቃው ላይ ስለ ጀልባዎቹ ያወራበታል። ሰውየው በዓለም ላይ ማንም እንደ እርሱ በማይነካው ፒያኖ ላይ ተቀምጧል፣ ለእኛ ሸራ ያሳዩናል! በዚያ ዓመት ኤሊንግተንም ማይልስም ኒውፖርት ተጫውተዋል፤ በፊልሙ ውስጥ አንዳቸውም የሉም። ፊልሙን ብቻ ያየ ሰው የ1958ቱን ኒውፖርት አየሁ ቢል ተሳስቷል።

በ1960 ቻርልስ ሚንገስና ማክስ ሮች ስለ ክፍያው አድልዎና ስለ ንግዱ ተቆጥተው፣ እዚያው ከተማ ክሊፍ ዎክ ማነር በተባለ ቦታ የራሳቸውን ተቃዋሚ ፌስቲቫል አደረጉ። ዋናው ፌስቲቫል ደግሞ በውጭ በሰከሩ ወጣቶች ብጥብጥ ተቋረጠ። በ1969 ሌድ ዜፕሊንን የመሰሉ የሮክ ቡድኖች ሲጋበዙ ሕዝቡ ከአቅም በላይ ጎረፈ፤ በ1971 አጥር ጥሶ መድረክ ላይ ወጣና ፌስቲቫሉ ወደ ኒውዮርክ ተሰደደ። ወደ ኒውፖርት የተመለሰው በ1981 ነው። ዌይን በ2021 በ95 ዓመቱ ሲሞት ፌስቲቫሉ አልሞተም።

አጎቴን ወደ ኋላ አቆይቻቸው ነበር። በ1966 ዓ.ም. ኤሊንግተን ኦርኬስትራውን ይዞ አዲስ አበባ መጣ፤ ከንጉሠ ነገሥቱ ኒሻን ተቀበለ፤ ሙላቱ አስታጥቄም ከኦርኬስትራው ጋር ሠራ። አጎቴ ያኔ ተማሪ ነበሩ፤ መግቢያ አላገኙም። ግማሽ ዓመት ያህል ቆይቶ፣ በሜይ 1974፣ ጎንዛልቬስና ኤሊንግተን በዘጠኝ ቀን ልዩነት ሞቱ። ካሴቱ እንግዲህ ያልገቡበት አዳራሽ ምትክ ነበር። «ያ ጭብጨባ የውሸት ነው» ብዬ እንዴት ልንገራቸው?

ባለፈው ዓመት ነገርኳቸው። አዲሱን ቅጂ በስልኬ ይዤ ሄጄ ከድምፅ ማጉያ ጋር አገናኘሁት። ስለ ሰኞው ስቱዲዮ ስነግራቸው ዝም ብለው ሰሙኝ። ሙዚቃውንም ዝም ብለው ሰሙ። ጣታቸውን ግን እንደ ልማዳቸው ቀሰሩ፤ ጭብጨባው መጣ።

«እነዚህስ እዚያው ነበሩ?» አሉኝ።

«ነበሩ፣ ጋሼ።»

«እንግዲያው ከመጀመሪያው መልሰው።»