የውኃ አወራረድና አፈሳሰስ ቃላት፤ ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ ስለሚደረገው ፍች የቀረበ ሒስ

በእንግሊዝኛ ቋንቋ ፈሳሽ ነገር የሚወድቅበትንና የሚሄድበትን ሁኔታ የሚያመለክቱ ግሦች ብዙ ናቸው። ድሪፕ፣ ትሪክል፣ ድሪዝል፣ ኡዝ፣ ሲፕ፣ ገሽ፣ ስፐርት፣ ፖር፣ ስፒል፣ ሊክ እየተባለ ይቈጠራል። እነዚህ ቃላት በትምህርት ቤት ወደ አማርኛ ሲመለሱ ግን «ፈሰሰ»፣ «ወረደ»ና «ተንጠባጠበ» ከሚሉት ሦስት ግሦች እምብዛም አይርቁም። ከዚህም የተነሣ አማርኛ በዚህ ረገድ ድኻ ነው የሚል አስተያየት አልፎ አልፎ ይሰማል። አስተያየቱ ስሕተት ነው፤ የስሕተቱም ምንጭ የመዝገበ ቃላት አሠራር ነው።

ሌናርድ ታልሚ የተባለው አሜሪካዊ የቋንቋ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1985 ባሳተመው ጥናት ቋንቋዎች የእንቅስቃሴን አቅጣጫና ሁኔታ በየትኛው ቃል ላይ እንደሚያሳርፉ መርምሯል። እንግሊዝኛ ሁኔታውን በግሡ ውስጥ ይከተዋል። አማርኛ ግን ግሡን በአብዛኛው ለአቅጣጫ ይተወዋል፤ ወጣ፣ ገባ፣ ወረደ ይላል። ሁኔታውን የሚናገረው ከ«አለ» ጋር የሚሄደው ትንሹ ቃል ነው፤ ጠብ አለ፣ ኮለል አለ፣ ዥው አለ። «እንባዋ ኮለል ብሎ ወረደ» ሲባል እንግሊዛዊው በአንድ ግሥ የሚለውን አማርኛ ለሁለት ከፍሎ ተናግሮታል እንጂ አላጐደለውም። ሁለተኛው ጎተራ በ«ተን» የሚጀምሩት ግሦች ናቸው፤ ተንጠባጠበ፣ ተንቆረቆረ፣ ተንፎለፎለ፣ ተንዠቀዠቀ፣ ተንጠፈጠፈ። እነዚህ እርስ በርስ የማይተካኩ መሆናቸውን ማንኛውም ተናጋሪ ያውቃል። ምንጭ ይንፎለፎላል፤ የታጠበ ዕቃ ግን ይንጠፈጠፋል እንጂ ይንፎለፎላል አይባልም። (የግዕዙ «ነጠበ» ከውኃ ጠብታ ተነሥቶ የጽሕፈት «ነጥብ» እስከ መሆን መድረሱን እዚህ ላይ ማስታወስ ይቻላል፤ አራት ነጥብም አራት ጠብታ ነው።)

እንግዲህ ቃላቱ ካሉ የሚጠፉት የት ነው? ከአማርኛ ተነሥቶ ለሚፈልግ ሰው በ1962 ዓ.ም. የታተመው የደስታ ተክለ ወልድ መዝገበ ቃላት፣ እ.ኤ.አ. በ1990 በሁለት ቅጽ የወጣው የቶማስ ኬን ሥራም ሰፊ ሀብት አላቸው። ችግሩ ከእንግሊዝኛ ተነሥቶ ለሚመጣው ነው። እ.ኤ.አ. በ1973 የታተመው የአምሳሉ አክሊሉና የሞስባክ መዝገብ ለተማሪ አገልግሎት የተዘጋጀ ስለሆነ ለእያንዳንዱ ቃል የሚሰጠው ቦታ ጠባብ ነው። በዚያው ዓመት የወጣው የቮልፍ ሌስላው የዐውድ መዝገበ ቃላት ቃሉን በዐረፍተ ነገር ውስጥ ስለሚያሳይ ዘዴው የተሻለ ነው፤ ሊመሰገንም ይገባዋል። ሆኖም ዐረፍተ ነገሩ የተመረጠው የእንግሊዝኛውን ቃል ለማስረዳት ስለሆነ፣ እንግሊዝኛ የማይጠይቀውን ጥያቄ አማርኛ ሲጠይቅ መልስ የሚያገኝበት ስፍራ የለም።

ለዚህ ከሁሉ የሚበልጠው ምስክር «ቀዳ» ነው። እንግሊዛዊ ውኃ ከምንጭ ሲወስድ አንድ ግሥ፣ ቡና ወደ ሲኒ ሲያወርድ ሌላ ግሥ ይጠቀማል። አማርኛ ለሁለቱም «ቀዳ» ይላል። ፈሳሹ ወደ ላይ ይውጣ ወደ ታች ይውረድ ለቃሉ ግድ የለውም፤ የሚመለከተው ከአንድ ዕቃ ወደ ሌላው በልክና በጥንቃቄ መተላለፉን ነው። ስለዚህም ጽሑፍን መገልበጥ «መቅዳት»፣ ግልባጩም «ቅጂ» ተባለ። ፖር የሚለውን ቃል «አፈሰሰ» ብሎ የተማረ የውጭ አገር ሰው ቡና እንዲቀዳለት ሲለምን «ቡና አፍስሽልኝ» ቢል፣ ጀበናዋን የያዘችው ሴት የምትሰማው ድፊው የሚለውን ነው። ከጀበና አፍ ቀጥኖ ሲወርድ «ተንቆረቆረ»፣ ሳይታሰብ ከሲኒው ሲወጣ «ፈሰሰ»፣ በአንድ ጊዜ ሲገለበጥ «ተደፋ»፣ በእሳት ላይ ባንዴ ሲጣል «ተቸለሰ» ይባላል። ለእነዚህ ሁሉ አንድ ፍች መስጠት መተርጐም አይባልም።

ነገሩ የቃላት ጨዋታ ብቻ አለመሆኑ በሚዛን ተፈሪና በቴፒ አካባቢ ይታያል። ቴፒ በዓመት በአማካይ ከ1500 ሚሊሜትር በላይ ዝናብ ታገኛለች፤ ከሚዛን ተፈሪ አቅራቢያ የሚነሣው የጊሎ ወንዝም ወደ ምዕራብ ይወርዳል። በዚህ አገር ዝናብን «ዘነበ» ብሎ ማለፍ ምንም አለመናገር ነው። ካፊያ አለ፤ ዶፍ አለ፤ ሳያባራ እኝኝ የሚል አለ፤ ነፋስ እየገፋ በደጃፍ የሚያስገባው ወጨፎ አለ፤ ዝናቡ ካቆመም በኋላ ከቤቱ ክዳን ጫፍ የሚወርደው ጠፈጠፍ አለ። ለድሪዝል «አካፋ» ትክክለኛ አቻው ነው። ለእኝኝና ለወጨፎ ግን እንግሊዝኛ አንድ ግሥ የለውም፤ ድኽነቱ እዚህ ላይ ወደየት እንደሚያዘነብል አንባቢው ይመልከት።

የታጠበ ቡና ሥራ ደግሞ ጥፋቱን ወደ ገንዘብ ያደርሰዋል። እሸቱ ቡና ከተፈለፈለ በኋላ በገንዳ ይብላላል፤ በቦይ ውኃ ይታጠባል፤ ከዚያም ውኃው ወርዶለት በአልጋ ላይ ይሰጣል። በእንግሊዝኛ የሥራ መመሪያ ድሬይን የሚለው ቃል «ማፍሰስ» ተብሎ ቢተረጐም ሠራተኛው የሚረዳው ውኃውን መድፋት ብቻ ነው። የሚፈለገው ግን ፍሬው ቆሞ የቀረው ውኃ ጠብ ጠብ እያለ እስኪያልቅ መታገሥ ነው፤ ይህም «ማንጠፍጠፍ» ነው። ሳይንጠፈጠፍ ተከምሮ የተሰጣ ቡና ይሻግታል።

በእርግጥ እንግሊዝኛ የሚለየውን አማርኛ የሚያደባልቅበት ቦታም አለ። ጣራ ያፈሳል፤ ሰውም ሳያስበው ውኃ ያፈሳል፤ እንባም ያፈሳል። እንግሊዝኛ ለሦስቱ ሦስት ግሥ አለው። ለኡዝ ግን «አዠ» የሚለው ቃል በቁስል ላይ እንደ ተወሰነ መቅረቱ የሚያሳዝን ነው፤ ከዛፍ ለሚወጣ ሙጫና ከርጥብ ግድግዳ ለሚወጣ ውኃ ቢሰፋ ይጠቅም ነበር።

የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል በ2014 ዓ.ም. ሲመሠረት አማርኛን የሥራ ቋንቋው አድርጓል። ቤንችኛ፣ ሸኮኛ፣ ሸካኛ ወይም መዠንግርኛ አፉን የፈታ ተማሪ አማርኛን በሁለተኛነት ይማራል፤ በኋላም ትምህርቱን በእንግሊዝኛ ይከታተላል። ሊክን በ«ፈሰሰ»፣ ፖርን በ«ፈሰሰ»፣ ገሽንም በ«ፈሰሰ» የሚፈታ መዝገብ ለዚህ ተማሪ ሦስቱንም ቋንቋ አንድ ላይ ያጠፋበታል። አዲስ መዝገብ የሚያዘጋጅ ሰው ከእንግሊዝኛው ዝርዝር ከመጀመሩ በፊት ወደ ቡና ማጠቢያው ቦይ ወርዶ፣ ሠራተኞቹ ውኃው ሲገባ፣ ሲሞላ፣ ሲገነፍልና ሲንጠፈጠፍ ምን እንደሚሉት በየቋንቋቸው ቢጽፍ፣ ዐምዱን በምን እንደሚሞላ ያገኛል።